ውል የሌላቸው ሁሉ

በእኛ ሕንፃ ያሉት መታጠቢያ ቤቶች ሁሉ የአየር መውጫቸው አንድ ነው። ከምድር ቤት እስከ ስድስተኛ ፎቅ ቀጥ ብሎ የወጣ ጠባብ ቀዳዳ ሲሆን ሽታም ወሬም ይመላለስበታል። እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ የግቢው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ልክ ከራሴ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ። ስለዚህ አስተዳደሩ ምን ሊወስን እንዳሰበ ከነዋሪዎች ኮሚቴ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ፤ ያውም ጥርሴን እየቦረሽኩ። ሰውየው "ወዲያውኑ" ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርስ ግቢው በሙሉ አቶ ወዲያውኑ ይለዋል፣ ፊት ለፊቱ ካልሆነ በቀር። የዚያን ዕለት ዓርብ ጠዋት ጺሙን እየተላጨ ነበር መሰለኝ፣ ድምፁ አንዴ ይጎላል፣ አንዴ ይታፈናል።

"ከደረጃው ሥር ያለችው አሮጊት እስከ ሰኞ ትወጣለች። ወንድምሽ ፍራሾቹን እዚያ ይደርድር።"

"እምቢ ብትልስ?" አለች ሚስቱ።

"ምን ልትል? ውል የላትም። ደብዳቤው ዛሬ ይደርሳታል።"

"ማን ይጽፈዋል?"

"ያቺ የታቿ ናታ። ስም ማስገባት አይደል ሥራዋ?"

የጥርስ ሳሙናውን አረፋ ዋጥኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በእኛ ሕንፃ ግን አይሠራም።

ያቺ የታቿ እኔ ነኝ፤ በአስተዳደሩ ቢሮ የደብዳቤ ክፍል ብቸኛዋ ሠራተኛ። ከደረጃው ሥር ያለችው አሮጊት ደግሞ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ። አሮጊት የሚያሰኝ ዕድሜ እንኳ የላትም፤ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የአምስት ሕንፃ ደረጃ በየቀኑ ወልውላ ወገቧን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ናት። ክፍሏ ወርዱ ሁለት እርምጃ፣ ቁመቱ አራት እርምጃ ነው። ጣሪያው የደረጃው ሆድ ስለሆነ ወደ ጥጉ ሲጠጉ ጎንበስ ማለት ግድ ነው። የደብተር ስፋት ያላት አንዲት መስኮት አለችው፣ በእሷ በኩል የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ኖራበታለች። የሰጣት የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ "ግቢውን እስካጸዳሽ ድረስ ያንቺ ነው" ብሎ በቃሉ ሰጣት። እሱ ጡረታ ወጣ፣ ቃሉም አብሮት ወጣ። ሌላ የምትገባበት ቤት እንደሌላት እኔ አውቃለሁ፤ አቶ ወዲያውኑም ያውቃል። እሱን የጨነቀው የሚስቱ ወንድም ነው። ሰውየው የስፖንጅ ፍራሽ ነጋዴ ሲሆን አንድ የግቢውን መጋዘን እስከ ጣሪያው ሞልቶ ሁለተኛ ይፈልጋል።

ባለቤቴ የሌሊት አውቶብስ ሾፌር ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እንደ ድንጋይ ነው የሚተኛው፤ አልቀሰቀስኩትም። ብቀሰቅሰውስ ምን እለዋለሁ? እኔና አክስቴ ከተነጋገርን አራት ዓመታችን ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። አብረውኝ የተማሩ ሦስት ሴቶች፣ አሁን እያንዳንዳቸው መኪና የሚነዱ፣ ሊጠይቁኝ መጥተው ሳለ በሩ ላይ ረስቼው የነበረውን ቁልፍ ይዛ ገባች፤ ሽርጧ እርጥብ ነበር፣ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። አንደኛዋ "ማናት?" አለችኝ። እኔም "የሕንፃው ጽዳት ናት" አልኩ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝን ሴት ነው እንዲህ ያልኩት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ይቅርታ ልጠይቃት ሦስት ጊዜ ደጇ ድረስ ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ የውሃ ቆጣሪው የት እንደሆነ ጠይቄያት፣ እሷም በጣቷ አመልክታኝ ተመልሻለሁ። የውሃ ቆጣሪው የት እንዳለ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

የዚያን ዕለትም ስወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተንበርክካ እየወለወለች ነበር። እንደ ሁልጊዜው ሳታየኝ ባልዲዋን ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገች፣ እኔም እንደ ሁልጊዜው በጠባቧ ደረቅ ቦታ በጣቴ ጫፍ አለፍኩ። አራት ዓመት ሙሉ ሰላምታችን ይህች ባልዲ ናት። "ዛሬ ሊያስወጡሽ ነው" ማለት እንዴት ይከብዳል? አምስት ደረጃ ወርጄ ቆምኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ከዚያም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሁለቴ አስልቼ ወረድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው አሳንሰሩ ዛሬም እንደማይሠራ፣ ቲማቲም በአንድ ሌሊት እንደተወደደ፣ ሽንኩርቱም እሱን አይቶ እንደ ጨመረ ነገረኝ። "ሁሉም ወደ ላይ ነው፣ አሳንሰሩ ብቻ ነው እምቢ ያለው" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅለት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ፣ አለዚያ ተንኮሌ አይገባም። ግቢው አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ቤት አለው። ለዚህ ሁሉ ቤት ደብዳቤ እየተቀመጠ አይጻፍም። የደብዳቤው ቅጽ አንድ ጊዜ ተጽፎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ምክንያት፣ ቀን የሚገባባቸው ቦታዎች ክፍት ይተዋሉ። እያንዳንዱ ክፍት ቦታ መጠሪያ አለው፤ የሚገባበትን ነገር ማሽኑ ፈልጎ አምጥቶ ይሞላዋል። ፕሮግራሙን የሠራልን ሰው "ተለዋዋጮች" ነው የሚባሉት አለኝ፤ በዚህ ግቢ ከሥራ አስኪያጁ የበለጠ ተለዋዋጭ እንደሌለ ስላላወቀ አልፈረድኩበትም። የሚሞላው ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው የደብዳቤው ኪስ ነው፤ ደብዳቤው ታትሞ ሲወጣ ኪሱ ይራገፋል፣ ለሚቀጥለው ሰው ባዶውን ይጠብቃል። ሁለተኛው የጋራ መደርደሪያ ነው፤ እዚያ ያስቀመጡት ነገር ሰው እስኪያነሳው ድረስ አይነሳም፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ እሱን ይዞ ይወጣል። ሙያው ሁሉ የትኛው ኪስ፣ የትኛው መደርደሪያ እንደሚገባ ማወቅ ነው።

ሳላውቅ የቀረሁበት ጊዜም አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ነዋሪ ሞተው ለቤተሰባቸው የሐዘን ደብዳቤ ስንልክ መግቢያውን በኪሱ ፋንታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ለልጃቸው ሠርግ አዳራሽ የጠየቁ ሌላ እናት መልስ ደረሳቸው፤ "በደረሰብዎ መሪር ሐዘን ከልብ እያዘንን፣ አዳራሹን ለቅዳሜ የፈቀድንልዎ መሆኑን እንገልጻለን" ይላል። እናትየው ጃንጥላ ይዘው መጡ፤ ዝናብ አልነበረም። ትዳሩ በስድስተኛ ወሩ ሲፈርስ ግን ተመልሰው መጥተው፣ "ያ ማሽንሽ አስቀድሞ አውቆት ነበር" ብለው አቅፈው ሳሙኝ። ሥራ አስኪያጁ ከዚህ የተማረው ነገር የለም። ይባስ ብሎ በየወሩ የሚወጣውን የውሃ ደብዳቤ መፈረም እጁን ስላሳመመው ፊርማውንና ማህተሙን በፎቶ አንስቼ የጋራው መደርደሪያ ላይ እንዳስቀምጥለት አዘዘኝ። ከዚያ ወዲህ በቢሮአችን የሚፈርመው አያነብም፣ የሚያነበው አይፈርምም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። የመላጫው ሎሽን ገና ይሸታል። ባለፈው ስብሰባ ኮሚቴው "ደብዳቤ እየመረጥክ ነው የምትጽፈው" ብሎ ስለወቀሰው የዛሬው እንዳይታወቅበት ተጠቦበታል።

"ውል ሳይኖራቸው በግቢው ውስጥ ክፍል ለያዙ ሁሉ ብለሽ ጻፊ" አለኝ። "የማንም ስም በነጠላ እንዳይነሳ። እስከ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ካልለቀቁ ዕቃቸው ወደ ውጭ ይወጣል። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው።"

"ለሁሉም ነው ጌታዬ?" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"ለሁሉም። ማሽኑ ራሱ ይምረጥ። ውል የሌለውን ማሽኑ ያውቀው የለ?"

"ያውቃል።"

"በቃ። ወዲያውኑ።"

እሱ የመሰለው ማሽኑ አንድ ሰው ብቻ እንደሚያገኝ ነው። እኔ ግን መዝገቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት በእጄ ስለሆነ ምን እንዳለበት አውቃለሁ። የውል ቁጥር የሚገባበት ቦታ ባዶ የሆነውን ሁሉ አውጣ አልኩት፤ አስራ አንድ ቤት አወጣ። አብዛኛውን ባዶ ያስደረገኝ አቶ ወዲያውኑ ራሱ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ከባለ ሁለት ክፍል ወደ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሲዛወር "ለጊዜው ባዶ ይሁን" ብሎኝ በዚያው ቀርቷል፤ ሰው የለመደውን ቤት ውል ያለው ነው የሚመስለው። የሚስቱ ወንድም ፍራሽ የሞላበት መጋዘን ባዶ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ልጅ የተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ባዶ ነው። የጥበቃዎቹ አለቃ ሱቅ፣ ሌሎችም አምስት ቤቶች እንዲሁ። ከእነሱ ጋር የአክስቴ ክፍልና የኔው ቤት አለ፤ እኛም ስንገባ "ለጊዜው" ተብለናል። ሰው ደንታ የለሽ እንዳይለኝ የቢሮውን የመስታወት በር አንኳኳሁ። ስልክ ይዞ ነበር።

"ጌታዬ፣ ብዛቱን ልንገርዎ?"

"ብዛቱ የማሽኑ ጉዳይ ነው፤ ቁጥር አትንገሪኝ። ከስድስት ሰዓት በፊት በየቤቱ ይድረስ።" በእጁ እንደ ዝንብ አባረረኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያደረግሁት የሚያኮራ አይደለም፤ "ከሦስተኛ ፎቅ ቁጥር ዘጠኝ በስተቀር" ብዬ የራሴን ቤት አወጣሁ። ዝርዝሩ ወደ አስር ወረደ። አየሁት። አክስቴ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ። ያን ዕለት እንግዶቼ ፊት የሠራሁትን በማሽን መድገም መሰለኝ። አጠፋሁት፤ አስራ አንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ተንኮሌ የመጣው። ደንቡ እያንዳንዱ ደብዳቤ የራሱን ቁጥር ከኪሱ እንዲይዝ ነው። እኔ ግን አንድ ቁጥር፣ ሁለት መቶ አስራ ሁለትን፣ የጋራው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። አስራ አንዱም ደብዳቤ በአንድ ቁጥር ይወጣል ማለት ነው። ለምን ብባል መልሴን አዘጋጅቻለሁ፤ ነጠላ ሰው እንዳይነሳ ታዝዤ ነው። ነገሩ ተገልብጦ በራሴ ላይ ቢመጣ ከሥራም ከቤትም እንደምባረር ገብቶኛል። ማተሚያውን ነካሁት። አስራ አንድ ወረቀት ወጣ፣ አስራ አንድ ፊርማ፣ አስራ አንድ ማህተም።

በግቢያችን ደብዳቤ የሚያድሉት የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። የዚያን ዕለት ተረኛዋ አክስቴ ነበረች፤ ይህንን ሳስብበት ውዬ መላ አላገኘሁለትም። አምስት ሰዓት ላይ መጣች። ደብዳቤ የምንልከው ለሁለት አጥፈን ስምና የቤት ቁጥር ከላይ እንዲታይ አድርገን ነው። ጥቅሉን አነሳች፣ የመጀመሪያውን አየች፤ የሷው ነው፣ የማሽኑ አደራደር ከምድር ቤት ስለሚጀምር። ገልጣ አነበበችው። አነባበቧ ዝግ ያለ ነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እስክትጨርስ ድረስ እኔ የጠረጴዛዬን ጥርስ የወለቀ እስቴፕለር ስጠግን ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ አቶ ወዲያውኑ ቆሞ ያየናል። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ።

"ይሄ ያንቺ እጅ ነው?"

"የማሽኑ ነው።"

"ማሽኑስ ዘመድ አያውቅም" አለች ቀስ ብላ። "የራሴን ደብዳቤ ለራሴ ላድርስ?"

ከጥፊ ይበልጥ ነበር። ላስረዳት እንዳልችል ሰውየው ያፈጣል፤ እንባዬ መጣ፣ እስቴፕለሩ ላይ አጎነበስኩ። "አድርሺ" አልኳት፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ግን የሌሎቹን አስቀድሚ፣ አክስቴ። ስማቸውን እያየሽ።" ፊቷን አኮሳትራ ሁለተኛውን አየች። ሦስተኛውን አየች። የአራተኛ ፎቁ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ፊርማውን ከላይ ካለው ስም ጋር እያመሳከረች ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነበር፣ ከጎረቤት ልጅ የደበቅነው ብስኩት ሲገኝ የሚታይባት ዓይነት።

"ይሄኛውን በበሩ ሥር ልክተተው?"

"አይ፣ ሚስትየው እጅ ላይ።"

"ማንበብ ትወዳለች?"

"ዛሬ ትወዳለች።"

ሽርጧን አስተካክላ ወጣች። የባልዲዋ ድምፅ ሳይሰማ ስትሄድ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ነው፣ ድምፁ ከእንቅልፍ አልተላቀቀም።

"አንቺ፣ ሰኞ ቤቱን ልቀቁ የሚል ወረቀት መጥቷል። ማነው የሚያስወጣን?"

"እኔ ነኝ።"

ማቀዝቀዣችን ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ "ምን አጠፋሁ?" አለኝ።

"ምንም አላጠፋህም። ተኛ።"

"ዕቃ ልጀምር እንዴ? ለመሸከፍ?"

"ተኛ አልኩህ።"

ደግ ሰው ነው፤ ተኛ።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ የሥራ አስኪያጁ ሚስት እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ገባች። የቤት ነጠላ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። እኔን ዘልላ የመስታወቱን በር በእግሯ ከፈተችው። "ማንን ልታስገባ ነው?" አለችው፣ ሰላምታ ሳታስቀድም። ሰውየው አፉ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ማኘክ አቆመ። "ከአስራ ስምንት ዓመት ትዳር በኋላ በራስህ ስም አስመስለህ 'ዕቃዎ ወደ ውጭ እንደሚወጣ' ብለህ ትጽፍብኛለህ? አንቱታው ደግሞ ምን ይሉታል? ፊርማህን አላውቀውም? በማህተም አስደግፈህ ነው የምትፈታኝ?" እሱም "የምን ፊርማ? የምን ማህተም?" እያለ ወረቀቱን ሊቀማት ሲታገል ወንድሟ ደረሰ፤ ትከሻው ላይ የፍራሽ ብናኝ አለ፣ የሱንም ደብዳቤ ይዟል። "አማቼ፣ ሁለተኛ መጋዘን ትሰጠኛለህ ስል የመጀመሪያውን ትነጥቀኛለህ?" ቀጥለው የኮሚቴው ሰብሳቢ መጡ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የግቢውን ልጆች ግማሹን የተቀበሉት እሳቸው ስለሆኑ ማንንም አይፈሩም። የልጃቸውን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና ከፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከኋላቸው የጥበቃዎቹ አለቃ፣ ሌሎችም። ከሁሉም ኋላ፣ በሩ ላይ፣ አክስቴ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች። አድርሳ ጨርሳለች።

አቶ ወዲያውኑ ላቡን እየጠረገ ወጣ። "ሰርዢው!" አለኝ። "ወዲያውኑ!"

የስረዛውን ቅጽ ከፈትኩ። ጎንበስ አለና በጆሮዬ፣ "ከደረጃው ሥር ካለው በስተቀር" አለ።

"አይቻልም ጌታዬ" አልኩት፣ እኔ ግን በጆሮው አላልኩትም። "የስረዛው ቅጽ የሚሰርዘው በቁጥር እንጂ በሰው አይደለም። ነጠላ ሰው እንዳይነሳ ስላሉኝ ሁሉንም በአንድ ቁጥር ነው ያወጣኋቸው። ወይ አስራ አንዱም ይሰረዛል፣ ወይ አስራ አንዱም ይወጣል።"

"እንግዲያው ሁሉንም ሰርዢና ለእሷ አዲስ ጻፊላት!"

"ለማን?" አሉ ሰብሳቢዋ። "ስሟን በነጠላ ንገረና፣ እንስማው።"

አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ ጣሪያውን አየ። የፍራሹ ነጋዴ የጫማውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ሚስትህ ምጥ ይዟት አንተ ራስህን ስትስት ውሃ የረጨሁብህ እኔ ነኝ፤ አሁንም እንዳትወድቅብን ቁጭ በል" አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ እነዚህን አስራ አንድ ሰዎች ማሽኑ በምን ለያቸው?" የውል ቁጥራቸው ባዶ በመሆኑ ነው አልኳቸው። "ታዲያ ባዶውን ሙሉት እንጂ ሰው ለምን ይወጣል? ለሁሉም ዛሬውኑ ውል ይውጣ፤ ለልጄም፣ ላንተም፣ ለእሷም።" በመወልወያው በኩል በአገጫቸው አመለከቱ። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ያለው ራሱ ነውና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የውሉን ቅጽ ከፍቼ አስራ አንዱንም ሞላሁ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ቁጥር፣ በየኪሱ። ላትም ስል አቶ ወዲያውኑ እጄን ያዘኝ። "መጀመሪያ ያን ፊርማዬን ከዚያ ነገር ላይ አንሺልኝ።" አነሳሁለት። ስለዚህ አስራ አንዱን ውል በገዛ እጁ ፈረመ፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ እያነበበ። የአክስቴ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው እምቢ አለው፤ ሰብሳቢዋ የራሳቸውን አቀበሉት። ሁሉም ሲወጣ ወደኋላ ቀርቶ፣ "ሰኞ ስለ ሥራሽ እንነጋገራለን" አለኝ። "እሺ ጌታዬ፣ ደብዳቤ ካስፈለገም ቅጹ አለ" አልኩት።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የአክስቴን ውል ይዤ ወረድኩ። የሌሎቹን በጥበቃው ልኬአለሁ፤ የሷን ግን ለማንም መስጠት አልቻልኩም። በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያሸች ነበር። አጎንብሼ ገባሁ፣ ወረቀቱን ሰጠኋት። አምፖሉ ሥር አቅርባ ሁለቴ አነበበችው። ጣቷን ፊርማው ላይ አሳረፈች።

"በእጁ ነው?"

"በእጁ ነው።"

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመዳፏ ደጋግማ ዳበሰችው፣ ያልተጨማደደውን ለማስተካከል። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወደ መስኮቷ ዞረች። ስለ ውሃ ቆጣሪ የምጠይቀው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። "አክስቴ" አልኳት፣ "ያን ዕለት ሰዎቹ ፊት ያልኩት አሳፍሮኛል። አራት ዓመት ሙሉ ደረጃውን በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር አፍሬያለሁ። ይቅር በይኝ።" ደረጃው ላይ ሰው ሲወጣ፣ ከራሳችን በላይ ኮቴው ሲያልፍ ሰማን፤ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ውሉን ወደኔ ዘረጋችው፣ ጣቷ ታች ያለው ባዶ መስመር ላይ ነው።

"ይሄን ለምን ሳትሞይው ቀረሽ?"

"ችግር ሲደርስ የሚጠራ ሰው ስምና ዝምድናው ነው የሚገባበት። እሱን... እኔ መሙላት አይገባኝም ብዬ ነው።"

"እስክሪብቶ ይዘሻል?"

ይዣለሁ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ስም ነገረችኝ። የኔው ስም ነው፤ የማላውቀው ሰው ይመስል ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ ቀስ ብላ አስጻፈችኝ። ጻፍኩት።

"ዝምድናውስ ምን ልበል?"

አሰበችበት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ደረጃ ወልውላ ስትጨርስ ቆሻሻ ቀርቶ እንደሆነ እንደምታየው።

"ጎረቤት በይ።"

ቀና ብዬ አየኋት። ቆጠቆጠኝ። ጎረቤት ብዬ ጻፍኩ።

"ለጊዜው ነው" አለች። "እያየሁ አሻሽለዋለሁ።"

ውሉን ተቀብላኝ አጥፋ ትራሷ ሥር አደረገችው። ልወጣ ስል ጣሪያው እንዳይመታኝ አንገቴን ደፋሁ። ከኋላዬ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቃለች።

"የት ነው የምትሮጪው? ቁጭ በይ እንጂ፣ ጎረቤት።"